ቡቃያውን የያዘው ልጓም

ሙዲራችን ሱለይማን፣ አለቃዬ ሳለህ ዛሬ አንተ ብልህ አትቀየመኝ፤ ክቡራትና ክቡራን የምርምር ጣቢያችን ባልደረቦች፤ በዚህ ሙቀት ወንበር ተሸክማችሁ ጡረታ የምትወጣ አንዲት አሮጊት ልትሸኙ ስለተሰበሰባችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ድንኳኑን የተከለው ዘበኛችን ጋረደው ነው። «እትዬ በላይነሽ፣ ሠርግ ነው ወይስ ለቅሶ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ንግግሩ ሲያልቅ አንተው ትነግረኛለህ» አልሁት።

አብዛኞቻችሁ ፀሐይ ላይ ነው የምትውሉት። እኔ የኖርሁት በጨለማው ክፍል ነው። ሰሊጥ ዘርተን፣ በሩን ዘግተን፣ ደብዛዛ አረንጓዴ መብራት አብርተን ቡቃያው ሲነሣ የምናይበት ክፍል። እዚያ ገብቶ የጮኸ ሰው አላየሁም። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሁሉም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ቡቃያዎቹ ነጣ ብለው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ይቆማሉ። ካሜራው የቀረጸውን አፍጥነን ስናየው ደግሞ የሚያንቀላፋ ሰው እንደሚወዛወዝ ይወዛወዛሉ። ስንት ጊዜ አብሬያቸው እንዳንቀላፋሁ ሄለን ታውቃለች።

ሄለንን አታጧትም፤ እዚሁ ገዳሪፍ ያደገች፣ ከእኔ ጋር ቡቃያ የምታጠና ልጅ ናት። ለሦስተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ቦታ አግኝታለች። አልሄድም ማለቷንም ሰምታችኋል።

እስቲ ሥራችንን ላጫውታችሁ። ተማሪ ሳለሁ የእድገት ሆርሞን ተክሉን ከታች የሚገፋው ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ቡቃያው ውስጥ እድገቱን የሚይዝ ፕሮቲን አለ፤ እኛ ልጓም እንለዋለን። ሆርሞኑ ሲመጣ በዚያ ልጓም ላይ ሌላ ትንሽ ፕሮቲን እንዲለጠፍ ያደርጋል፣ ለእርድ በተመረጠ በግ ላይ ቀለም እንደሚቀባ። የሕዋሱ ወፍጮ ምልክቱን ያይና ልጓሙን ይፈጨዋል። ያን ጊዜ ቡቃያው ይመዘዛል። ማንም አልገፋውም፤ የያዘው ነው የለቀቀው። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ዛሬም ልቤ ደስ ይለዋል።

አንድ ድንክ የሰሊጥ ዘር ነበረን። ሆርሞን ብናጠጣው፣ ብናጠጣው አይነሣም። ሄለን አጎንብሳ ታየው ነበር።

«እትዬ፣ ይሄ አይሰማም እንዴ?»

«ሆርሞኑማ ደርሶታል። ልጓሙ ነው ምልክቱን የማይቀበለው።»

«መስኪን» አለችው፣ ልጅ የታመመባት ይመስል።

ባለፈው ክረምት የአዲስ አበባው መልስ መጣላት። «መቼ ትሄጃለሽ?» አልኋት።

«ኻላስ እትዬ፣ አልሄድም። አንቱን ማን ያያል?»

«እኔ ቡቃያ ነኝ?»

«ከቡቃያ ይብሳሉ። ቡቃያ እንኳ ውኃ ሲያጣ ጠውልጎ ያሳያል፤ አንቱ ዝም ነው።»

ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ያ ድንክ ቡቃያ ትዝ አለኝ። ልጅቱ ጥሪው ደርሷታል። ታዲያ የያዛት ማን ነው? መልሱን ለማወቅ ማይክሮስኮፕ አላስፈለገኝም።

ሱለይማን ሁለት ዓመት እንድጨምር ለምኖኝ ነበር። ጉልበቴን አሞኛል ብዬ እንቢ አልሁት። ጉልበቴ ደህና ነው፣ ሱለይማን። መሄድም አልፈልግም። ያን ክፍል እወደዋለሁ፤ ብትተዉኝ እዚያው ባረጅ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እኔ እዚህ እስካለሁ ሄለን አትነሣም። ልጓም በራሱ ላይ ምልክት ሲለጥፍ አይቼ አላውቅም፤ እኔ ግን ለጥፌያለሁ።

የክፍሉን ቁልፍ ሄለን ትረከባለች ብላችሁ ነው የምትጠብቁት። እንካ ሱለይማን። ለወደድኸው ስጥ፤ ለእሷ ግን አደራ፣ አትስጥ።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። ዝናቡን በልኩ ያውርድላችሁ። ዋልካው ሳይደርቅ ዘራችሁ ይብቀል። ከካርቱም፣ ከመዳኒ ተፈናቅላችሁ ከእኛ ጋር የምትሠሩ፣ ሰላም ገብቶ ለቤታችሁ ያብቃችሁ። ልጆቻችሁ ከእናንተ በላይ ይርዘሙ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሜን በሉ።

እኔ ዶካ፣ እኅቴ ቤት ነው የምገባው። የነገው አውቶቡስ በዶካ አልፎ ጋላባት ይዘልቃል፤ ከዚያ መተማ፣ ጎንደር፣ አዲስ አበባ እያለ መንገዱ ይቀጥላል። ሁለት ወንበር ይዣለሁ። ሄለን፣ ያንቺ በመስኮቱ በኩል ነው። ዶካ ስንደርስ እኔ እወርዳለሁ። አንቺ እንዳትወርጂ።