እትዬ መዲና የፋቀችው ድንጋይ

አሰብ፣ ከወደቡ ወጣ ብሎ፣ ባሕሩ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ደጃፍ፤ ሐሙስ ረፋድ፤ አሁን የደረሰችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትርሲትና የማረፊያዋ ባለቤት እትዬ መዲና ይነጋገራሉ።

መዲና፦ አልጋሽ እንዳልሽው ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንም አልነካውም።

ትርሲት፦ የምን አልጋ?

መዲና፦ ቀዩ አልጋ ነዋ። ከደሴ የመጣ ነጋዴ እንኳ ቢለምነኝ፣ ተይዟል ብዬ መሬት ላይ አስተኛሁት። ወገቡን ይዞ ነው የሄደ።

ትርሲት፦ እትዬ መዲና፣ እኔ እኮ አልጋ አላልኩም።

መዲና፦ መልእክቱን ያመጣው አንዳርጌ ሹፌሩ ነው። "ትርሲት እስክትመጣ ቀዩን አልጋ ማንም እንዳይነካባት፣ አደራ" አለኝ። ቤቴ ውስጥ ያለው ቀይ አልጋ ደግሞ አንድ ነው። ምኑ ይጠፋኛል?

ትርሲት፦ አልጌ ነው ያልኩት። ቀይ አልጌ።

መዲና፦ ምን አልሽ? ነፋሱ ወሰደው፣ ጮክ በይ።

ትርሲት፦ ድንጋዩ ላይ የሚበቅለውን፣ ቀዩን የባሕር ሣር።

መዲና፦ ያን አሙለጭላጩን?

ትርሲት፦ አዎ። እንደ ጣት የተከፋፈለውን። ባለፈው ዓመት አብረን ያየነውን።

መዲና፦ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ።

ትርሲት፦ የሸሸው ባሕር ሳይመለስ ልንቀልና እቀመጣለሁ።

መዲና፦ ቁጭ በይ ነው የምልሽ። ትናንት ፋቅሁት።

ትርሲት፦ ምኑን?

መዲና፦ ድንጋዩን። የደጋ ልጅ ናት፣ ባሕር አታውቅም፣ ያንሸራትታታል ብዬ። ባለፈው ዓመት እሱ ላይ ስትቆሚ ልቤ ተንጠልጥሎ ነው የዋለ። በአካፋ ፍቄ፣ በአሸዋ አሽቼ፣ ወላሂ አሁን መስታወት ነው።

ትርሲት፦ የፋቅሽውስ?

መዲና፦ ፍየሎቹ።

ትርሲት፦ ሁሉንም?

መዲና፦ ፍየል ምን ያስተርፋል? ጨው ጨው ብሏቸው ነው መሰለኝ፣ ተሻሙበት። ኧረ፣ እያለቀስሽ ነው እንዴ?

ትርሲት፦ ነፋሱ ነው።

መዲና፦ ለአንድ ጭብጥ ሣር?

ትርሲት፦ መምህሬ እዚህ ባሕር ላይ አይበቅልም አለ። ከመጽሐፍ ገልብጠሽ ነው አለኝ። ሰኞ ጠዋት ፈታኞቹ ፊት ከነሥሩ ካላቀረብኩ የመመረቂያ ጽሑፌ ወደቀ። እኔም አልመረቅም።

መዲና፦ አንቺስ ምን አልሽው?

ትርሲት፦ ምንም።

መዲና፦ ሌባ ሲልሽ ምንም?

ትርሲት፦ ዝም አይነቅዝም ይባላል።

መዲና፦ እሱን የተረተ ሰው ሌባ ያሉት ቀን አልተረተውም። አብሽሪ፣ ነገ ሌላ ድንጋይ እንፈልጋለን።

ትርሲት፦ ነገም ባሕሩ እንዲህ ይሸሻል?

መዲና፦ ልዋሽሽ አልችልም። ባሕሩ እንዲህ የሚሸሸው በወር ጥቂት ቀን ነው፣ ዛሬ መጨረሻው ነው። እሱም መመለስ ጀምሯል። ያ ነጭ አረፋ አይታይሽም?

ትርሲት፦ ከአረፋው ወዲህ ያለው ትልቁ ድንጋይ ታየኝ። ግርጌው ቀልቷል።

መዲና፦ እሱን እርሺው። ይህ የእጄ አንጓ ተጣሞ የቀረው እዚያ ወድቄ ነው።

ትርሲት፦ ያን የልብስ ማስጫ ገመድ ፍቺልኝ።

መዲና፦ ዋና ትችያለሽ?

ትርሲት፦ አልችልም።

መዲና፦ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ልጄ። እናትሽ ብትጠይቀኝ ምን ልላት ነው? ለሣር ሄደች ልበላት?

ትርሲት፦ አልጋ ይዛለች በያት።

መዲና፦ ደርሶ ቀልደኛ። እኔው ነኝ የፋቅሁት፣ እኔው ልግባ።

ትርሲት፦ በዚህ እጅሽ? ደግሞ ስንት ክንድ ውሃ ውስጥ እንዳለ፣ ድንጋዩን እንዴት እንደያዘ አይቼ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሰው ነቀለልኝ ካልኩ መምህሬ ልክ ሆነ ማለት ነው። ወገቤ ላይ አጥብቂው።

መዲና፦ ውሃው ጉልበትሽን ሲያልፍ እስባለሁ። አልጠይቅሽም።

ትርሲት፦ ሳቢ።

መዲና፦ ቀስ። እግርሽን አታንሺ፣ ጎትቺው። በግራሽ ጉድጓድ አለ። በስመአብ በይ፣ እኔም ቢስሚላሂ ብያለሁ፤ አንዱ ይሰማናል። ደረስሽ?

ትርሲት፦ አለ።

መዲና፦ ምን አልሽ?

ትርሲት፦ አለ። ብዙ ነው። ግን ድንጋዩን ሙጭጭ ብሏል።

መዲና፦ ገንጥለሽው ነይ።

ትርሲት፦ ሥር ከሌለው ማዕበል ከሌላ አገር አምጥቶት ነው ይሉኛል። በቢላ እየፈለፈልኩት ነው።

መዲና፦ ውሃው ቁርጭምጭሚትሽን አልፏል። ይኸው አንዳርጌም ሊወስድሽ መጣ። ጥሩምባውን አትሰሚም? ጭኗል፤ አሁኑኑ ካልመጣች ጥያት እሄዳለሁ ይላል።

ትርሲት፦ ትንሽ ይጠብቀኝ።

መዲና፦ አይጠብቅም፣ አውቀዋለሁ። ሌላ መኪና ደግሞ እስከ ቅዳሜ የለም። በቅዳሜው ከሄድሽ አዲስ አበባ የምትገቢው ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ነው። እሱም መንገድ ላይ ካልተበላሸ።

ትርሲት፦ ከመኪናው ወርጄ በቀጥታ እገባለሁ።

መዲና፦ ፊትሽን ሳትታጠቢ? ስሚኝማ፣ የያዝሽውን ያህል ገንጥለሽ ከሰውየው ጋር ሂጂ። ከባዶ እጅ ይሻላል።

ትርሲት፦ ይሂድ።

መዲና፦ ምን ልበለው? ውሃው ጉልበትሽ ጋ ነው፣ ልስብሽ ነው።

ትርሲት፦ ይሂድ አልኩ።

መዲና፦ አይሰማም።

ትርሲት፦ አንዳርጌ፣ ሂድ። ሥሩን ሳልነቅል አልወጣም። እትዬ መዲና፣ አንቺም ገመዱን ላላ አድርጊው።

መዲና፦ አላላሁ። ሰምቶሻል፣ ሞተሩን አስነሳ። እንዲህ መጮህ እየቻልሽ ነው መምህርሽን ዝም ያልሽው?

ትርሲት፦ ሄደ?

መዲና፦ ሄደ።

ትርሲት፦ ተነቀለ። ከነሥሩ ነው። አሁን ሳቢኝ።