በረንዳ ላይ ያሳደርሁት ወንድሜ

«አንተ፣ እግርህን አምጣ» አለኝና ቁርጭምጭሚቴን ያዘው። እንቢ አልሁ። ዋሻ ውስጥ ነን፤ ከገበያ ስንመለስ በረዶው ያዘን። በእኛ ጊዜ በበየዳ ደጋ በረዶ እንደ እዚህ ባሕር ዳር ቆርቆሮ አንኳኩቶ የሚሄድ አልነበረም፤ እንደ ዱቄት ይወርዳል፣ ያድራል፣ ይሰነብታል፣ መንገድም አይታይም። ታዲያ ታላቅ ወንድሜ አያሌው የበግ ቆዳ ደበሎውን ገልጦ እግሬን ራቁት ሆዱ ላይ አስቀመጠው። ወጋችን ነው፤ ብርድ የመታው እግር እሳት አያይም፣ የሰው ሆድ ላይ ነው የሚሞቀው። «ያንተስ?» ብለው፣ «የእኔ ቆዳ ነው፣ ዝም በል» አለ። የእኔ እግር ዳነ። የእሱ ሁለት ጣት ረገፈ።

ይህን ያዙልኝ፣ ልጆች።

ኋላ፣ ደርግ ከገባ በኋላ፣ እኔ ወደዚህ ወረድሁ። ፋብሪካ ጥጥ ተሸካሚ ሆንሁና ተፈራ ከሚባል የአዲስ አበባ ሰው ጋር በአንዲት ክፍል ገባን። ፊደል አልቆጠርሁም፤ እሱ ግን ሸሚዝ መተኮስ አሳየኝ፣ ፀጉር ማበጠር አሳየኝ፣ እና ከተሜ የሆንሁ መሰለኝ። ብርዱንም ረሳሁት። እውነት ረሳሁት።

ታዲያ መስከረም ላይ አያሌው መጣ። እስከ ደባርቅ በእግሩ፣ ከዚያ በጭነት መኪና፣ በማክሰኝት በእንፍራንዝ አድርጎ። ደበሎውን ደርቧል፣ ለእኔ የሱፍ ዝተት ተሸክሟል፣ ያነክሳል። ተፈራ በር ላይ ቆሞ አፍንጫውን ያዘ።

«ሰውዬው ከበግ ጋር ነው እንዴ የሚያድረው? ምንህ ነው?»

እና እኔ... እና እኔ «ያገሬ ሰው ነው» አልሁ።

አያሌው ሰምቷል። አጠገቤ ነው የቆመው። ቀና ብሎ አየኝና ለተፈራ «አዎ ጌታው፣ ያገሩ ሰው ነኝ» አለው። ጭራሽ አገዘኝ፣ አያችሁ?

ያገር ሰው ካልሁ ወዲያ እንዴት ብዬ አልጋዬን ልልቀቅለት? በረንዳ ላይ አነጠፍሁለት። «ደበሎውን አውልቅ፣ ይሸታል» አልሁት፤ አወለቀ። ዛንዚራ፣ የትንኝ መከላከያ መረብ፣ አንድ አለኝ፣ አልጋዬ ላይ የተሰቀለ። እሱ ወባን ምን ያውቃል፤ በእኛ ደጋ ትንኝ የለም። እኔ ግን አውቃለሁ፤ በወረድሁ በዓመቴ ጥላኝ ነበር። አውቄ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ጧት ጧት አንገቱ ተነካክሶ፣ ፊቱ ግን በርቶ አገኘዋለሁ።

«ውጭ ተኝተው የማይበርድበት አገር! እናታችን ይህን ባየች» ይላል።

«ትንኟ አላስቸገረችህም?»

«እሷም ነፍስ ናት፣ ምን ታድርግ።»

ዛንዚራውን ውሰድ የሚለው ቃል አፌ ላይ ይደርሳል፣ እና ተፈራ ጫማውን እየጠረገ ያየኛል፣ እና እውጠዋለሁ። ስንት ጧት ዋጥሁት መሰላችሁ።

አያሌው ሐይቁን በታንኳ ተሻግሮ ደሴቱ ላይ ያለውን ገዳም ተሳለመ። ሁለት ሳምንት ሊሞላው ሲል ቀን በስድስት ሰዓት፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ ጥርሱ ይጋጭ ጀመር። «በረዶው ተከትሎኝ መጣ» አለ። ተፈራ በአንድ ወገን እኔ በአንድ ወገን ደግፈን ክሊኒክ ወሰድነው። «ወባ ነው፣ ደገኛ ላይ ይጠናል» አሉንና ኪኒን ሰጡን። ያስመልሰዋል፤ አልረጋለትም።

ያን ጊዜ አልጋዬን ለቀቅሁለት። ዛንዚራውንም አወረድሁበት፤ ምን ሊሠራ? ያመጣልኝን ዝተት አለበስሁት፣ ደበሎውን ከላይ ደረብሁ።

ተፈራ «ምስኪን፣ ዘመድ የለውም?» አለ።

«ወንድሜ ነው» አልሁ።

«የምን ወንድም?»

«የእናቴ ልጅ።»

ተፈራ ወጥቶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ።

እኔ የተተኮሰውን ሸሚዜን ገልጬ ያን ጣት የጎደለውን እግር ሆዴ ላይ አስቀመጥሁት። በረዶ ነው፣ ልጆች፤ በዚያ ሙቀት በረዶ ነው። ዐይኑን ገለጠ፤ ግን እዚህ አልነበረም፣ ዋሻው ውስጥ ነበር። እግሩን ከእጄ አስለቅቆ በዝተቱ ሥር የእኔን እግር በእጁ ይፈልጋል። በማግስቱ ቀበርነው፤ ከአፉ የወጣው የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

«አንተ፣ ያንተን አምጣ» አለኝ። «የእኔ ቆዳ ነው።»