ሁለት መስመር በበር ላይ

በመስከረም አጋማሽ አንድ ጠዋት የክረምቱ ርዝራዥ ዝናብ ድንገት ወረደና፣ ደብረ ታቦር ገበያ አጠገብ ባለች አንዲት የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ በረንዳ ላይ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎችን አገናኘ። አንደኛው ጡረተኛው መምህር በላይነህ ናቸው፤ ደብተር ገዝተው መውጣታቸው ነበር። ሁለተኛዋ ማስተዋል የምትባል የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው አዲስ ዘመን ከተማ ሲሆን፣ ለሥራ መጥታ አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ልጅቱ እጅ ነሥታ ሰላምታ ከሰጠች በኋላ ስልኳ ላይ አቀርቅራ መጻፍ ጀመረች። በጉና ተራራ ግርጌ ሠላሳ ስምንት ዓመት ያስተማረ ሰው ደግሞ ያቀረቀረ ልጅ ካየ መጠየቁ አይቀርም።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ለማን ነው የምትጽፊ?»

«ለሚያነብ ሁሉ ነው፣ አባባ። በየጠዋቱ ያየሁትን አንድ ነገር ጽፌ ቴሌግራም ላይ አወጣለሁ። ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ።»

«ብዙ ሰው ያነበዋል?»

«አርባ ሦስት ሰው። ሰባቱ እህትና ወንድሞቼ ናቸው፤ እነሱ እንኳ ማንበባቸውን እንጃ።»

መምህሩ ሳቁ፤ ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «እንዳትቀየሚኝ እንጂ ይኸ ውዳሴ ከንቱ ነው። ሰው የሆዱን አደባባይ ያሰጣዋል? እኔም እጽፋለሁ፤ ጽፌ ግን ሣጥኔ ውስጥ እቆልፈዋለሁ።»

«ታዲያ ማን ያነበዋል?»

«ማንም።»

እውነታቸውን ነበር፦ ባለቤታቸው ያለምወርቅ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ልጆቻቸው በየፊናቸው ተበትነዋል። ባለፈው ጳጉሜን መምህሩ ሦስት ቀን ሙሉ በትኩሳት ሲቃጠሉ በራቸውን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ «ብሞትስ በስንተኛው ቀን ይታወቅልኝ ይሆን?» የሚል ሐሳብ አልተዋቸውም። በዚህ ሁሉ ሰው መካከል እየኖሩ ይህን የሚነግሩት ከደብተራቸው በቀር ማንም አልነበራቸውም።

ማስተዋል ስልኳን ዘጋች። «በድፍረት አይዩብኝና፣ አባባ፣ አነጋገርዎ የቤተ ክህነት ትምህርት ያለበት ይመስላል።»

«በልጅነቴ ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ነበርሁ።»

«ቅኔ የምትቆጥሩት በስንት በስንት ቀኑ ነበር?»

«በየቀኑ ነዋ! ቀን ከየቁጥቋጦው ሥር ስንቆጥር፣ አዲስ ቅኔ ስንፈጥር ውለን፣ ሲመሻሽ ለመምህራችን እንነግራለን።»

«ለመምህርዎ ብቻ?»

«የለም፣ ጓደኞቻችን ሁሉ እየሰሙ ነው እንጂ። የተበላሸበት ይሳቅበታል፤ መምህሩ ያቃኑለታል። በነጋታው ደግሞ ሌላ ይዞ ይመጣል። እኔ እንኳ ያልተሳቀብኝ ቀን ጥቂት ነው!»

«ያን ጊዜ ውዳሴ ከንቱ ነው ያላችሁ ሰው አለ?»

ሽማግሌ በሌላ ሰው ነገር በቀላሉ አይረታም፤ በገዛ ትዝታው ከያዙት ግን መውጫ የለውም።

«እሱስ ልክ ነሽ። ግን በየቀኑ የሚጻፍ ነገር ከየት ይመጣል? ቤቴ ድመት እንኳ የለበት።»

«ቅኔ ቤት እንደገቡ በመወድስ ነው የጀመሩ?»

«ምን ነካሽ! ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ጀማሪ የት ያውቅና! የሚጀመረው በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ ናት።»

«እንግዲያው ሁለት መስመር ይጻፉ። በየቀኑ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ሰው በሚያይበት ቦታ ይሁን። ትልቅ ነገር አይፈልጉ፤ ያዩትን ይበሉ። እኔ እዚህ ስመጣ ስድስት ወር ሙሉ ከሥራ ቦታ ውጭ ስሜን የጠራ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ያንኑ ጻፍሁ። አንዲት የማላውቃት ሴት ‹እኔም› ብላ መለሰችልኝ። በቃ፣ ይህችኑ ብቻ። ያን ቀን እራቴን ጠግቤ በላሁ።»

«እኔ እንዲህ ያለ ስልክ የለኝም፣ ልጄ።»

«በርስ የለዎትም?»

ዝናቡ አባራ፤ ልጅቱ ተሰናብታ ወደ ሥራዋ ሄደች። መምህሩ ወደ ሱቁ ተመልሰው ጠመኔ ገዙ።

ሰው ምክር ሲሰማ እኩሌታውን ብቻ ነውና የሚሰማ፣ መምህር በላይነህ በማግስቱ የቆርቆሮ በራቸውን ከላይ እስከ ታች ሞሉት። ስለ ንጽሕና፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ጎረቤት አክብሮት ረጅም ተግሣጽ ጻፉ። አላፊ አግዳሚው የመንግሥት ማስታወቂያ መስሎት አለፈ። በአራተኛው ቀን ክንዳቸው ዛለ፤ ቃልም አለቀባቸው። በመወድስ ጀምረው ነበርና! እያፈሩ በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉትና ሁለት መስመር ብቻ ጻፉ፦

«ዛሬ ጉና ላይ አመዳይ ወርዷል።
ያለምወርቅ ብትኖር ጋቢዬን ታወጣልኝ ነበር።»

ቤት ገብተው ገና ሳይቀመጡ ኀፍረት ያዛቸው። ሊያጠፉት ሲመለሱ ጎረቤታቸው ወይዘሮ አሰለፈች ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቆማ ስታነብ በበሩ ስንጥቅ አዩዋት። አንብባ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደችና ሄደች። መምህሩም ሳያጠፉት ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ በሩን እየጠረጉ፣ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሁለት መስመር መጻፍ ልማዳቸው ሆነ። ባጃጅ ነጂው ሲሳይ ከበሩ ሲደርስ ዝግ እያለ ለተሳፋሪዎቹ ጮክ ብሎ ያነብላቸው ጀመር። ይሁን እንጂ ወር ሲያልፍም ያንኳኳ ሰው አልነበረም። መምህሩ አንዳንድ ቀን «ልጅቱ አሞኘችኝ» ይሉ ነበር፤ ይሉና ጠመኔውን ያነሣሉ።

በኅዳር አንድ ጠዋት ትኩሳቱ ተመልሶ መጣ። መነሣት አቃታቸው። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለት ሰዓትም አለፈ። የጳጉሜኑ ፍርሃት መጥቶ አጠገባቸው ተኛ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ።

ግድግዳ ተደግፈው ሄደው ከፈቱ። ወይዘሮ አሰለፈች አጥሚት በኩባያ ይዛ ቆማለች፤ ከኋላዋ ሲሳይ ባጃጁን አስነሥቶ ይጠብቃል።

«መምህር፣ በርዎ ባዶ ቢሆንብን ጊዜ ልባችን አላስችል አለን» አለች። «ደኅና ነዎት?»

አንባቢ ሆይ፣ በየቀኑ በሰው ፊት የሚጽፍ ሰው እጁ ይፈታል፣ ዓይኑ ማየት ይለምዳል፤ ስሕተቱንም የሚያቃናለት ያገኛል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። በየዕለቱ የሚገኝ ሰው የጎደለ ዕለት ይፈለጋል። ሣጥን ውስጥ የተቆለፈን ደብተር ማን ይፈልገዋል?

ሲሳይ ወደ ጤና ጣቢያ ሊወስዳቸው ደግፎ ሲያወጣቸው፣ መምህሩ በሩ ላይ ሲደርሱ «ቆይ፣ አንድ ጊዜ» አሉ። ከኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው የዕለቱን ሁለት መስመር ጻፉ፦

«ዛሬ አመመኝ።
ሰው መጣ።»