የመጨረሻው ስንኝ ለምን አጠረ

የማተሚያ ቤቱ አራሚ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና መጽሐፍ ወደምትሰፋው ጠራዥ ዞረ። ታዋቂው ገጣሚ መስኮቱ ሥር እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። የገዛ ግጥሙን አወቃቀር የተነተነበት መጽሐፍ የመጨረሻ እርማቱ አልቋል፤ እሱ ከፈረመበት ዛሬውኑ ይታተማል።

«እህት ዓለም፣ ዛሬ ሙጫው ቶሎ ደረቀልሽ አይደል? አየሩ ሞቅ ብሏል... ወገብሽስ እንዴት ሆነ? ተቀምጠሽ ስፊ እንጂ። እኔማ ይኸው ትንታኔ ሳነብ ዋልኩ። እንዴት ያለ ትንታኔ መሰለሽ! ሰው የገዛ ግጥሙን እንዲህ እንደ ሰው ዕቃ እያገላበጠ ሲመረምር... ትሕትና ካልሆነ ምን ይባላል?

«ግጥሙን መቼም ታውቂዋለሽ፤ ያ የኩንታል ተሸካሚዎቹ። እያንዳንዱ ስንኝ አሥራ ሁለት ቀለም ነው። ለምን አሥራ ሁለት? ‹የቀኑን ሰዓታት ይወክላል› ይላል ገጽ ዘጠኝ ላይ። አይ መራቀቅ! እኛ የዚያን ጊዜዎቹ መሃይም ተሸካሚዎች ደግሞ፣ ከመኪናው እስከ መጋዘኑ በር ሳንቃው ላይ ስድስት እርምጃ፣ ከበሩ እስከ ክምሩ ስድስት እርምጃ ስለነበረ ይመስለን ነበር። ኩንታል ተሸክሞ የሚገጥም ሰው ትንፋሹ የሚወጣው በእርምጃው ልክ ነው ብለን... ምን እናውቃለን?

«ከመካከላችን የተማረው የዕቃ ቤቱ ጸሐፊ ብቻ ነበር። እርሳስ ያለው እሱ፣ ጥላ ሥር የሚቀመጠውም እሱ። ታላቅ ወንድሜ ተሸክሞ እየሄደ ስንኙን ያወርደዋል፣ ያ ጸሐፊ ይጽፈዋል። አቤት የእጅ ጽሑፉ ማማሩ! በኋላ ትልቅ ቦታ ደረሰ አሉ። ይገባዋል።»

ጠራዧ መርፌዋን እንደያዘች ቀረች። መስኮቱ ሥር ያለው እግር መወዛወዙን አቆመ።

«የመጨረሻው ስንኝ ግን ስድስት ቀለም ላይ ቀጥ ይላል። ቤትም አይመታ። ስለዚህ ደግሞ ምን ይላል መሰለሽ? ‹ገጣሚው ሆን ብሎ ያጎደለው፣ አንባቢ በዝምታ እንዲሞላው የተዘየደ ጥበብ ነው።› ሆን ብሎ! ወንድሜ ስድስተኛው እርምጃ ላይ ሳንቃው ተሰብሮ ከነኩንታሉ ቁልቁል ወርዶ በዚያው ሲቀር፣ ሆን ብሎ ኖሯል ለካ... እኔ ከኋላው ተሸክሜ ነበር። ቀና ስል ጸሐፊው እርሳሱን ወረቀቱ ላይ እንዳሳረፈ ቀሪውን ግማሽ ይጠብቃል። እንደዚያ ያለ ትዕግሥት ዛሬ ከየት ይገኛል?»

ገጣሚው ብዕሩን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። አራሚው አላየውም፤ ወይም ያላየ መሰለ።

«በእርማት በኩል አንድም ስሕተት የለውም፣ እህት ዓለም። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም እንኳ ፊደሉ አንድ በአንድ ትክክል ነው። መግቢያው ግርጌ ግን ትንሽ ክፍት ቦታ ቀርታለች። ለአንድ ሰው ስም ትበቃለች። እስኪፈረም ድረስ ማስገባት ይቻላል... ግን እንዲህ በተሟላ መጽሐፍ ላይ ማን ምን ይጨምራል?»

ገጣሚው ተነሥቶ መጣ። መግቢያውን ገልጦ ክፍቷን ቦታ ለጥቂት ጊዜ አያት። ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ ገልብጦ፣ ሳይቀመጥ ፈረመ።

አራሚው ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ዐይኑ ግን ከጠራዧ ላይ አልተነሣም።

«እሰይ! በይ አሜን በይ፣ እህት ዓለም። እንዲህ ያለውን ሰው ፈጣሪ ይጠብቅልን። ጤናውን አያጓድልበት፣ ዕድሜውንም ያርዝምለት... አንድ ግጥም እስኪጽፍ ድረስ።»