«አንጎሏ ይነሣ» የምትል ወረቀት

በ1958 ዓ.ም. ጥር ወር፣ የአንኮበሩ መምሬ ወልደአረጋይ ልጃቸውን አመተ ማርያምን ይዘው ደብረ ብርሃን መኪና መሳፈሪያ ላይ ቆመዋል። ልጅቱ ላለፉት ሰባት ዓመታት የሚጥል በሽታ ሲነሣባት ኖሯል፤ በቀደም ደግሞ እሳት ላይ ወድቃ ክንዷ ተቃጥሏል። መምሬ ሐኪም አሳይተዋት ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ፣ በልጅነቱ እሳቸው ፊደል ያስቆጠሩት፣ አሁን በሐኪም ቤት ቁስል የሚያክመው ድሬሰሩ ይርጋለም ድንገት አገኛቸው።

«እንደምን አደሩ መምሬ? ሐኪሙ ምን አለ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ያለውንማ ጽፎልኛል፤ አላደርገውም እንጂ።»

ወረቀቱ «አዲስ አበባ ሄዳ አንጎሏ ይነሣ» ይላል።

«ታዲያ ምኑ ከፋ?»

«ጥርስ ሲነቀል አይቻለሁ ልጄ። አንጎሏ ከተነሣ ግን ምኗ ይተርፋል?»

ይርጋለም ሳቁን ዋጠ። ዕድሜ ልካቸውን የቅኔን ሁለት ትርጉም ሲፈቱ የኖሩ ሊቅ በአንዲት ቃል መሰናከላቸው አስገርሞታል።

«ፎቶግራፍ ይነሣ እንደሚባለው ነው መምሬ። ቀጫጭን ሽቦ ጭንቅላቷ ላይ ይለጥፋሉ፤ ምላጭ አይነካትም፣ አያማትም። አንጎል የራሱ ትንሽ ኤሌክትሪክ አለው፤ መሣሪያው ያን እየተቀበለ በብዕር ወረቀት ላይ ይጽፋል። በሽታው ከየት በኩል እንደሚነሣ በዚያ ይታወቃል።»

«የሚነሣውማ ከውጭ ነው። መንፈስ ነው የሚጥላት።»

ይርጋለም ወደ ልጅቱ ዞረ። «ሊጥልሽ ሲል መጀመሪያ ምን ይሰማሻል?»

«ቀኝ አውራ ጣቴ ይንቀጠቀጣል» አለች አቀርቅራ። «ከዚያ ክንዴ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«ይሰማሉ መምሬ? ቀኝ እጅን የሚያዘው የአንጎል ግራ ወገን ነው። ጸበሏን አትተው፤ ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ሥፍራው ከታወቀ ሐኪሙ በግምት አያክማትም።»

መምሬ የተቃጠለ ክንዷን አዩ። ልባቸው አዝኗል።

«ሰባት ዓመት ሙሉ ስትወድቅ አይቻለሁ። አንድ ቀን እንኳ ከየት ይጀምርሻል ብዬ አልጠየቅኋትም» አሉና የአዲስ አበባውን አውቶቡስ ተሳፈሩ።

እውነትም በምርመራው የአንጎሏን ግራ ወገን የሚጽፉት ብዕሮች ዘለሉ። ሐኪሞቹ ዕጢ አለመኖሩን በሌላ ምርመራ አጣርተው፣ በየቀኑ የምትውጠው ኪኒን አዘዙላት። እስከ ፍልሰታ የወደቀችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መምሬም ከቅዳሴ በኋላ፣ «ልጃችሁን የሚጥል በሽታ ካለበት አትደብቁት፤ ምርመራው ቢላ የለበትም፣ መድኃኒቱም ከእሳትና ከገደል ያድናል» እያሉ ይመክሩ ጀመር።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከአዲስ አበባ በተመለሱበት ቀን የሆነው ነው። ሲጥላት ከአፏ የሚወጣው አረፋ ይጋባል ስለሚባል አመተ ማርያም ለብቻዋ ነበር የምትበላው። እናቷ ወለተ ጊዮርጊስ እንደ ልማዷ ሁለት ሳህን አቀረበች።

«አንዱን መልሺው» አሉ መምሬ። «ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ፤ አይጋባም።»

ልጅቱ ከአባቷ ጎን ተቀምጣ በላች። መምሬ አፍረው ነበርና ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም።