«እውነት ነው» ማለት አይበቃም ያሉን ሴት

እንደምን አመሻችሁ! አረፍ በሉ፣ ብዙ አላወራም። ዛሬ በምናመሰግናቸው ጠበቃችን ፊት ብዙ ያወራ ሰው «አስረዳ» ይባላል።

እትዬ መጀመሪያ ወደዚህ ጋዜጣ የመጡ ቀን ያልነበራችሁ ስሙ። ጥቁር ኮት፣ ጥቁር ቦርሳ፣ የማይስቅ ፊት። ዋና አዘጋጃችን በመስኮት አያቸውና «ደግሞ ማን ከሰሰን!» ብሎ፣ ለእንግዳ ተቀባይዋ «የለም በያቸው» ብሏት በጓሮ በር ውልቅ! እትዬ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ሲመለስ ኮሪደሩ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«የሉም የተባሉት እርስዎ ነዎት?» አሉት። «እኔ እርስዎ ራስዎ በስልክ የቀጠሩኝ ጠበቃ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ ሰላም የለም! አንዱ አርፍዶ «መንገድ ተዘጋግቶ ነው» ካለ፣ «የቱ መንገድ? በምን ተዘጋ? ማን አየ?» ነው። «እትዬ ዝርዝር» ያልናቸው ለዚህ ነው። ሾፌራችን ስሙን ሲሰማ የታክሲ ሳንቲም የሚያድሉ መስሎት ደስ ብሎት ነበር፤ ምስኪን! ጋሼ፣ ቤትም እንዲህ ናቸው እንዴ? ... አያችሁ፣ ባልዬው መልስ ከመስጠታቸው በፊት ዞር ብለው እትዬን አዩ።

ቀልዱን እንተወው። የውሃ ፋብሪካውን ክስ የረሳ የለም። ይቺ እፊታችሁ የተቀመጠችው ዘጋቢያችን፣ ፋብሪካው ለዓመታት ያልተጣራ ውሃ አሽጎ ሸጧል ብላ ጻፈች። ባለቤቱ በስም ማጥፋት ከሰሰን። ከተፈረደብን ጋዜጣው መዘጋቱ ነው። ዋና አዘጋጁ «ምን ያስጨንቃል? ‹የጻፍነው እውነት ነው› ብለው ይመልሱላቸው» አለ።

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «‹እውነት ነው› ብሎ ዝም ማለት ‹እመኑኝ› ማለት ነው። ዳኛ ደግሞ እኛን የማመን ዕዳ የለበትም። ማጣሪያው መቼ ተበላሸ? ማን አየ? ውሃው የት ተመረመረ? ይህ መልሳችን ላይ ካልሰፈረ ከሳሹ በምን ይከራከረናል? ዳኛውስ ምኑን ይመዝናል?»

ዘጋቢዋን ይዘው ወጡ። የፋብሪካውን መካኒክ ቤቱ ድረስ ሄደው እንዲመሰክር ለመኑት። ፈርቶ ነበር፤ በመጨረሻ እሺ አለ። ውሃውን የመረመረችውንም ባለሙያ አገኟት። ሲመለሱ ግን የባሰ ነገር ይዘው መጡ፦

«‹ለዓመታት› የሚለውን ማስረዳት አንችልም። የምናውቀው ማጣሪያው የተበላሸበትን አንድ ክረምት ብቻ ነው። እርማት እናውጣ።»

«ገና ሳንሟገት እንንበርከክ?» ብሎ ጮኸ ዋና አዘጋጁ።

«የማናውቀውን እናውቃለን ካልን፣ የምናውቀውንም ይዞብን ገደል ይገባል።»

እርማቱ ወጣ።

ችሎት ላይ የከሳሽ ጠበቃ ብድግ ብለው «መከላከያቸው ጥቅል ነው፤ ፍሬ ነገር የለውም፤ ውድቅ ይደረግልን!» አሉ። ዳኛዋ መልሳችንን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ቀኑ አለ፤ የተበላሸው ማሽን አለ፤ ያየው ሰው አለ። ምን ቀረዎት?» አሏቸው። ሳቅ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ነከስኩ። መካኒኩም ቀርቦ ያየውን ተናገረ። ክሱ ወደቀ፤ ፋብሪካውም ወዶ ሳይሆን ተገዶ ማጣሪያውን ቀየረ።

ዘጋቢያችን ደጅ ላይ ተጠምጥማባቸው ስታለቅስ፣ «አይዞሽ ልጄ፤ ያገኘሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ በወጉ አቀረብኩልሽ እንጂ» አሏት።

እትዬ፣ ዛሬ ባለጉልበት ደውሎ ሲዝትብን እነዚህ ልጆች ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም። «የትኛው ቃል ሐሰት እንደሆነ ይንገሩን፤ ከተሳሳትን እናርማለን» ይላሉ፤ ካልተሳሳቱ ግን ንቅንቅ የለም። ይህን ያስተማሯቸው እርስዎ ነዎት። ከእርስዎ ጋር ሠራሁ ስል ደረቴ ይነፋል። ከልብ እናመሰግናለን።

በሉ፣ ብርጭቆ እናንሳ! ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ፤ ከጋሼ ጋር ጠግበው ይተኙ፣ የልጅ ልጅ ይሳሙ። አንገታችንን ቀና አድርገን እንድንጽፍ ላደረጉን ለእትዬ!