ሳንጣላ ሊያስታርቁን የመጡ ቀን

በእኛ ጊዜማ ሴት ልጅ ለብቻዋ የምትሆነው ሽንት ቤት ስትገባ ብቻ ነበር፤ እሱንም ልጅ በሩን ይደበድብባታል። «እማዬ፣ አልጨረስሽም?» እያለ። እና አንቺ ሰላም፣ የእህቴ ልጅ፣ እጮኛዬ «ልብሽ ቀዝቃዛ ነው» አለኝ ብለሽ ስታለቅሺ፣ ምን አድርገሽው ነው ብዬ ስጠይቅሽ፣ እሁድ እሁድ ትንሽ ለብቻዬ ልሁን ስላልኩት ነው ስትዪኝ፣ አይ አልኩ፣ ይቺ ልጅ የእኔን ጉድ አልሰማችም። አታልቅሺ። ቁጭ በይና ስሚ። እናንተም ስሙ፣ ሻዩን ኋላ ትቀዱታላችሁ።

ባሌን ታደሰን ታውቁታላችሁ። ዕድሜውን ሙሉ ከአሰላ ሮቤ፣ ከአሰላ ጎበሳ አውቶብስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ዛሬ ይሄዳል፣ ነገ ይመለሳል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ይሄዳል። ታዲያ እኔ መሄዱንም እወደው ነበር፣ መምጣቱንም እወደው ነበር፣ ሁለቱንም! ሲሄድ ቤቱ የእኔ ነው፤ ሲመጣ ደግሞ አስፋልቱ ላይ ሆኖ ክላክስ ሲያደርግ ደስታዬ ሌላ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልን ወለድን፣ አሳደግን፣ ዳርን፣ አረጀን።

ታዲያ ወገቡ እምቢ አለውና መንዳት አቆመ። አቆመና ቤት ገባ። ገባና ተጣበቀብኝ! እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ከጓሮ ጎመን ልቀነጥስ ስወጣ «ወዴት ነሽ?» ስልክ ሲጠራ «ማነው?» ዝም ስል «ምን እያሰብሽ ነው?» አሁን ሰው ሽንኩርት እየከተፈ ምን ያስባል? ሽንኩርት ነዋ! «ሽንኩርት» እለዋለሁ። «አይ፣ የሆነ ነገርማ አለ» ይላል። ሬዲዮ ስከፍት ድምፁን ይቀንሳል፣ ጣቢያ ስቀይር ይመልሰዋል። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ እንዲያውም ወዶኝ ነው። ግን መተንፈሻ አጣሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እሱን ራሱን መናፈቅ አማረኝ፤ ከአጠገብ የማይጠፋ ሰው እንዴት ይናፈቃል?

እና ከኋላ ያለችዋን ሰርቪስ ቤት፣ ተከራይዋ አስተማሪ ወደ ሲሬ ተዛውራ ለቃት ነበር፣ እሷን ጠረግኳት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና ሬዲዮዬን አስገባሁ፣ ቁልፍ አስቀየርኩላት። «ታደሰ፣ ከምሳ በኋላ እዚህ እሆናለሁ፣ ሲያሰኘኝም እዚሁ አድራለሁ» አልኩት።

«ምን አደረግኩሽ?»

«ምንም አላደረግከኝም።»

«ታዲያ ለምን?»

«ስለፈለግኩ።»

ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። እሱ ግን ምክንያት ይፈልጋል። ሰፈሩም ይፈልጋል። «ወርቅነሽና ታደሰ አልጋ ለዩ!» ተባለ። አንዷ ገበያ መሀል ክንዴን ይዛ «አይዞሽ፣ ሁሉም ያልፋል» አለችኝ፤ ሰው የሞተብኝ መሰለኝ እኮ!

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ የእድራችን ዳኛ አቶ ግርማ ነው፤ ከእኔ ታናሽ ነው፣ ክራቫት ግን ያስራል። ሌላው ጎረቤታችን ኦቦ ቱፋ ናቸው፣ ከነከዘራቸው። እኔ ሊጠይቁን የመጡ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ጭኮ አቀረብኩ፣ የገብስ ዱቄት በለጋ ቅቤ የታሸ፣ ሽታው ብቻ የሚያጠግብ። አይነኩም! እጃቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል። ያኔ ገባኝ። የሽማግሌ ደንብ ነው፤ የመጡበት ጉዳይ ካልተፈጸመላቸው እህል አይቀምሱም።

አቶ ግርማ ጉሮሮውን ጠረገ፤ በአፍንጫው እንደሚናገር ታውቃላችሁ፣ «ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ መቼም በባልና ሚስት መሀል ግጭት አይጠፋም። ለመሆኑ የበደለው ማነው?»

«ማንም።»

«እንግዲያው የተጣላችሁት በምንድነው?»

«አልተጣላንም።»

«ካልተጣላችሁ እንዴት አድርገን እናስታርቃችሁ?»

«እኔስ የምለው እሱን አይደል!»

ኦቦ ቱፋ ወደ ታደሰ ዞረው «ማል ታኤ? ምን ሆናችሁ ነው?» ቢሉት፣ ታደሰ መሬት መሬት ያያል።

«እዚያ ክፍል ውስጥ ምን ይሠራሉ?» አለኝ ግርማ።

«ምንም።»

«እንዴት ምንም?»

«ቁጭ እላለሁ። ሬዲዮ እሰማለሁ። ደመናው ጭላሎ ተራራ ላይ ሲወርድ አያለሁ። ሲደክመኝ ጋደም እላለሁ።»

«ለዚህ ቁልፍ ያስፈልጋል? ሴት ልጅ ባሏን ካልጠላች በስተቀር...» ሊል ሲጀምር ደሜ ፈላ።

«ታደሰ፣ ካልሲህን አውልቅ!» አልኩት።

«ምን?»

«አውልቅ አልኩህ!»

አወለቀ ምስኪን። ሽማግሌ ፊት ባዶ እግሩን ዘረጋ። «እዩት ጥፍሩን» አልኩ። «ወገቡ አይታጠፍለትም። ትናንት ጠዋት በረንዳው ላይ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፌ የቆረጥኩለት እኔ ነኝ። ባሏን የጠላች ሴት ይሄን ታደርጋለች?» ግርማ እግሩን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ የሚያየው ጠፋው።

እኔ ግን አልለቀቅኩትም። «ስማ ግርማ፣ መጥላት ምን እንደሆነ ልንገርህ። አባቴና እናቴ ከአንድ ትሪ እየበሉ፣ አንድ አልጋ ላይ እየተኙ ኖረው ሞቱ። አባቴ ‹እናትሽን ጨው አምጪ በያት› ይለኛል፤ እናቴ እኮ ጉልበቷ ጉልበቱን እየነካ ነው የተቀመጠችው! እሷ ደግሞ ‹አባትሽን ጨው አልቋል በይው› ትለኛለች። እናቴ የታመመች ጊዜ እንኳ ‹ምን ሆና ነው?› ብሎ የጠየቀው እኔን ነው፣ እሷ እዚያው ተኝታ እየሰማች። ቀዝቃዛ ልብ ማለት ያ ነው። ታዲያ ለእነሱ ሽማግሌ ማን ላከ? ማንም! አልጋቸው አንድ ነበራ!»

እኔም ያሸነፍኩ መሰለኝና «እስቲ አሁን የትኛዋ ጎረቤት ናት የላከቻችሁ?» አልኩ።

ኦቦ ቱፋ ቀስ ብለው «አንቺ ወርቅነሽ፣ ጎረቤት አይደለም። የጠራን ታደሰ ነው» አሉኝ።

የገዛ ባሌ! ዞር ብዬ ሳየው ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «መኪናው ቀረ» አለ፣ «ልጆቹም የራሳቸው ኑሮ አላቸው። የቀረሽኝ አንቺ ነሽ፤ አንቺም በር ቆለፍሽብኝ። የማልፈለግ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።»

ልጆቼ፣ አልዋሻችሁም፣ አዘንኩለት። ሄጄ ጎንበስ ብዬ ካልሲውን አጠለቅኩለት። ግርማ ይሄኔ ጉዳዩ ያለቀ መስሎት «እንግዲህ ቁልፉን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡልንና እንመርቃችሁ» አይል መሰላችሁ?

«ቁልፉንማ አልሰጥም!» አልኩ። «ታደሰ፣ እፈልግሃለሁ። ከማንም በላይ እፈልግሃለሁ። ቁልፌንም እፈልጋለሁ። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ የሚለኝ ካለ አልመርጥም፣ ማንም አያስመርጠኝም!»

«እንግዲያው እኛም እህል አንቀምስም» አለ ግርማ።

«ጭኮ እኮ ነው፣ አይበላሽም፤ ከፈለጋችሁ እስከ ፋሲካ ቁጭ በሉ!»

ታደሰ ቀና አለና «እሺ፣ እኔ ስፈልግሽስ ምን ላድርግ?» አለኝ።

«አንኳኳ።»

«በገዛ ግቢዬ?»

«አዎ፣ በገዛ ግቢህ! ስትነዳ መንገድ ላይ ሰው ካየህ ክላክስ ታደርግ አልነበር? ወይስ ዝም ብለህ ትገባበት ነበር? እኔም ሰው ነኝ።»

ኦቦ ቱፋ ሳቅ አፈናቸው። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ማንኪያውን አነሱ፣ ከጭኮው ቆረሱ፣ ጎረሱ! ግርማ ደንግጦ «ኦቦ! ገና አልጨረስንም እኮ!» ሲላቸው «እኔ ጨርሻለሁ፤ ሰዎቹ አልተጣሉም» አሉና ደገሙ። ግርማም ትንሽ ተግደረደረ፣ ትንሽ አየ፣ ከዚያ ክራቫቱን ወደ ትከሻው ወርወር አድርጎ በላ።

ታዲያ ታደሰ ወዲያው ደስ አለው እንዳይመስላችሁ። አኮረፈ። ሲሰለቸው መናኸሪያ እየሄደ ከድሮ ጓደኞቹ ጋር መዋል ጀመረ፤ የማን ሚኒባስ ጎማ እንደፈነዳ፣ ማን ከማን ጋር ስለ ወረፋ እንደተጣላ ሲሰማ ይውላል። እና አንድ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ጋደም ብዬ ሳለሁ፣ ኳ ኳ።

«ማነው?»

«ታደሰ ነኝ።» ስሙን ይናገራል እኮ!

«ምን ፈለግክ?»

«የምነግርሽ ወሬ አለኝ።»

ልጆቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ ተነስቼ ፀጉሬን አስተካከልኩ፣ ፊቴን በነጠላዬ ጠረግኩ፣ ከዚያ ከፈትኩ። እስከ ማታ ድረስ ስናወራ ቆየን። ቤት ውስጥ ሲጣበቅብኝ በነበረ ጊዜ ምን ያወራኝ ነበር? ምንም! ከየት ያምጣው? የማየውን ያያል፣ የምሰማውን ይሰማል።

እና ሰላምዬ፣ አንቺ ልብሽ ቀዝቃዛ አይደለም። ልቡ የቀዘቀዘ ሰው ፈቃድ አይጠይቅም፤ ከጎንሽ ተቀምጦ ሳለ እንኳ የለም። ልጁን «እወድሃለሁ፣ እሁድ ግን የእኔ ናት» በይው። ይደንግጥ፣ ምን ቸገረሽ! ታግሶ ካንኳኳ አግቢው። በሩን ገንጥዬ ካልገባሁ የሚል ከሆነ ግን ሰርጉን የማፈርሰው እኔ ነኝ፣ ሽማግሌ ይላክብኝ ደግሞ!

(ሰላም አፍንጫዋን እየጠረገች) «ግን አክስቴ፣ ጋሽ ታደሰ ሲያንኳኩ ሁልጊዜ ይከፍቱላቸዋል?»

«ሁልጊዜ የምከፍት ከሆነ በሩ ምን ይሠራልኛል!» (ሳቅ)